የሚፈርድ መስተዋት

መስተዋት በየቤታችን የታወቀ ዕቃ ነው። ጠዋት እመቤቲቱ ጠጕራቸውን ሲያበጁ፥ ጌታውም ወደ መሥሪያ ቤታቸው ከመውጣታቸው በፊት ልብሳቸውን ሲያስተካክሉ፥ ልጆችም ጥርሳቸውን እየገለጡ ሲሣሣቁ፥ ሁሉንም እኩል ያገለግላል። ያመጡለትን መልክ መልሶ ይሰጣል እንጂ፥ አንተ ደግ ነህ፥ አንቺ ሌባ ነሽ ብሎ ቃል አይናገርም። ስለዚህም ከቤት ዕቃ ሁሉ ይልቅ ታማኝ ሆኖ ይቈጠራል።

በዛሬው ዘመን ግን በውጭ አገር ያሉ ጥበበኞች የሚፈርድ መስተዋት ሠርተው በትርዒት አዳራሽ አቁመዋል። ሰው በፊቱ ሲቆም ካሜራው ያየዋል፤ ከበስተኋላ ያለው ኮምፒውተር ያሰላል፤ ከዚያም ይህ ሰው እንዲህ ያለ ነው ብሎ ስም ያወጣለታል። ተመልካቹም ይሥቃል፥ ወይም ይቈጣል፥ ወይም ደንግጦ ዝም ይላል። ጥበበኞቹ የፈለጉትም ይህንኑ ድንጋጤ ነው።

ይህ ነገር በቤተ ሰብ ገጽ ላይ መውጣቱ ለምንድር ነው የሚሉ አንባቢዎች ይኖሩ ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ጥበብ ልጆቻችን በያዙት ስልክ ገብቶ ከእኛ ጋራ በአንድ ቤት ተቀምጧል። ከአዲስ አበባ ርቆ፥ በዓባይ ደቡብ፥ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል እስካለው እስከ ካማሺም መንገዱን ይዟል። ወደ ቤቱ የገባውን እንግዳ፥ ከየት መጣህ፥ የማንስ ልጅ ነህ ብሎ መጠየቅ ደግሞ የባለቤት ግዴታ ነው።

አስቀድመን ስለ ጥበቡ ጥቂት እንናገር። ይህ ዓይነቱ ኪነ ጥበብ ተመልካቹ ራሱ ካልገባበት የማይሞላ ነው፤ ሰው በፊቱ እስኪቆም ድረስ ሥራው ባዶ ነው። ለእኛ አገር ሰው ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው፥ በጣራው ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ወደ እርሱ ሲመለከቱ ያገኛቸዋል። የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ደግሞ አንድ የታወቀ ሥርዐት ነበራቸው፤ ይኸውም ጻድቁን ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሰው ከሁለት ዓይኖቹ ጋራ ይሥሉታል፤ ክፉውንና አሳዳጁን ግን በጎኑ አድርገው አንድ ዓይን ብቻ ያሳዩታል። ማንበብ የማይችል ምእመን እንኳ ዓይን በመቍጠር ብቻ ማን ደግ፥ ማን ክፉ እንደ ሆነ ይለያል።

ነገር ግን ልብ እንበል። ሠዓሊው ክፉውን ሰው በአንድ ዓይን የሣለው፥ ክፉ ሥራውን ከመጽሐፍ ካወቀ በኋላ ነው፤ ከሥራው ተነሥቶ ወደ መልኩ ሄደ። አሁን የምንነግራችሁ መሣሪያ ግን ከመልኩ ተነሥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መሣሪያው እንዴት እንደሚማር ለማወቅ ረቂቅ ሒሳብ አያስፈልግም። የኔታ ለሕፃን ፊደል ሲያስቈጥሩ በስንደዶ እያመለከቱ ይህ ሀ ነው፥ ይህ ሁ ነው ይላሉ፤ ሕፃኑም ብዙ ጊዜ ካየው በኋላ ይለየዋል። መሣሪያውም እንዲሁ ነው፤ ስም የተጻፈባቸው በሺሕና በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሥዕሎች ይሰጡታል፥ እርሱም የሚመሳሰሉትን እያጠጋጋ ይለምዳል። ያላሳዩትን አያውቅም። ከሕፃኑ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ሕፃኑ ያልተማረው ፊደል ሲገጥመው ቀና ብሎ የኔታን ያያቸዋል፤ መሣሪያው ግን እንዲጠይቅ አድርገው ካልሠሩት በቀር፥ ከሚያውቃቸው ስሞች አንዱን መርጦ ያለ ኀፍረት ይናገራል።

ይህ እንዴት እንደ ተገለጠ የሚናገረው ታሪክ የጀመረው ከአንድ መስተዋት ነው። በፈረንጆች ዘመን 2015 በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ የነበሩት፥ ዘራቸው ከጋና የሆነው ጆይ ቡኦላምዊኒ፥ አስፓየር ሚረር የተባለ ሥራ ሠሩ፤ በእኛ ቋንቋ የምኞት መስተዋት ብንለው ይስማማዋል። ሰው በመስተዋቱ ፊት ሲቆም፥ መሆን የሚመኘው ነገር፥ የአንበሳ መልክ ቢሆን አንበሳ፥ በገዛ ፊቱ ላይ ተደርቦ ይታየዋል። ለዚህም ካሜራው አስቀድሞ የሰውዬውን ፊት ማግኘት አለበት። የነጣ መልክ ያለውን ሰው ፊት ወዲያው አገኘ። የሠሪዋን ጥቁር ፊት ግን ሊያገኝ አልቻለም። ነጭ ጭምብል ባጠለቁ ጊዜ አገኘው።

አንባቢ ከዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ። መስተዋቱን የሠራችው ሴት በገዛ መስተዋቷ ፊት ቆማ አልታየችም፤ ሕይወት የሌለው ጭምብል ግን ፊት ሆኖ ተቈጠረ። መሣሪያው ክፋት አስቦ አይደለም፤ ማሰቡንም እንጃ። ሲያስተምሩት ያሳዩት ፊት አብዛኛው ነጭ ስለ ነበረ ነው።

ነገሩ በዚህ አልቀረም። አዲስ አበባ የተወለዱት፥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ዶክተር ትምኒት ገብሩ ከእርሳቸው ጋራ ተባብረው በ2018 አንድ ጥናት አወጡ። ከሦስት የአፍሪካ አገሮች ማለት ከሩዋንዳ፥ ከሴኔጋልና ከደቡብ አፍሪካ፥ ከሦስት የኤውሮፓ አገሮችም ማለት ከአይስላንድ፥ ከፊንላንድና ከስዊድን የሕዝብ እንደራሴዎችን ሥዕል ሰብስበው 1,270 ፊቶች አሰናዱ። በእነዚህም፥ ወንድና ሴትን ለይተን እንናገራለን የሚሉ የሦስት ታላላቅ ኩባንያዎችን መሣሪያዎች ፈተኑ። መልካቸው በነጣ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ከፍ ቢል ከመቶ 0.8 ነበረ። መልካቸው በጠቈረ ሴቶች ላይ ግን በአንደኛው መሣሪያ ከመቶ 34.7 ደረሰ። ይህም ማለት ከሦስት የተከበሩ እመቤቶች አንዲቱን ወንድ ብሎ ጠራት ማለት ነው። በምክር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሥዕላቸው ለዓለም የተገለጠውን ወይዛዝርት ያላወቀ መሣሪያ፥ ከደዴሳ ማዶ ያለችውን የገበሬ ሚስት እንዴት ያውቃታል?

ጥናቱ ከወጣ በኋላ ኩባንያዎቹ መሣሪያቸውን አሻሻሉ፤ በቀጣዩ ዓመት ሲመረመርም ስሕተቱ እጅግ ቀንሶ ተገኘ። ይህን የምንናገረው ለእውነት ስንል ነው፤ ደግሞም የጠየቀ ሰው ሲገኝ ነገር እንደሚታረም ያሳያል። ዶክተር ትምኒት ራሳቸው ግን በ2020 መጨረሻ በጎግል ኩባንያ ከነበራቸው ሥራ ወጡ። ጠቡ የተነሣው ስለ ታላላቆቹ የቋንቋ መሣሪያዎች አደገኛነት ከሌሎች ሊቃውንት ጋራ በጻፉት ጽሑፍ ነው፤ እርሳቸው ተባረርሁ አሉ፥ ኩባንያው ራሳቸው መልቀቅን ጠየቁ አለ። በዚያ ጽሑፍ መሣሪያዎቹ ትርጕሙን ሳያውቁ ቃልን ከቃል የሚያጋጥሙ በቀቀኖች ተብለው ተመስለዋል። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዳዊትን በግዕዝ ከዳር እስከ ዳር የሚወርድ፥ ትርጓሜውን ግን ያልሰማ ልጅ በየደብሩ ሞልቷል። ልጁን እናመሰግነዋለን፥ ቈሎም እንሰጠዋለን፤ ነገር ግን ተቀምጦ ይፍረድ አንለውም።

ሌላው የሚፈርድ መስተዋት የቆመው በ2019 በኢጣልያ አገር በሚላኖ ከተማ ነው። ኬት ክሮፎርድ የተባሉት ሊቅና ትሬቨር ፓግለን የተባለው ሠዓሊ በፕራዳ ድርጅት አዳራሽ ባሳዩት ትርዒት፥ የጎበኘው ሰው ሁሉ በካሜራ ፊት እየቆመ መሣሪያው ያወጣለትን ስም ያነብ ነበር። መሣሪያው የተማረው ኢሜጅኔት ከሚባለው ከ14 ሚሊዮን የሚበልጡ ሥዕሎች ካሉበት ታላቅ መዝገብ ሲሆን፥ ለሥዕሎቹ ስም የጻፉት በየአገሩ ተበትነው በኮምፒውተር ጥቂት ጥቂት ሣንቲም እየተቀበሉ የሚሠሩ ሠራተኞች ነበሩ። ታዲያ በዚያ መዝገብ ውስጥ ከሰው ስሞች መካከል ግብዝ፥ ክፉ ሰው፥ ወንጀለኛ፥ ሙያ የሌለው የሚሉ ነበሩበት። እንግዲህ ደኅና ልብስ ለብሶ ቤተ ሰቡን ይዞ ትርዒት ሊያይ የመጣ ሰው፥ በልጆቹ ፊት እንዲህ ያለ ስም ሲወጣለት ምን ይሰማዋል? ማን አለ ቢል የሚመልስለት የለም። ሠራተኛው ሥዕሉን ለደመወዙ ሰየመ፤ ሊቁ ስሙን ከመዝገበ ቃላት ወሰደ፤ መሐንዲሱ ሒሳቡን ሠራ፤ ሁሉም ጥቂት ጥቂት አደረጉ፥ የተናገረ ግን የለም። ትርዒቱ በተከፈተበት ወር መዝገቡን የሚጠብቁት ሊቃውንት 600,000 ያህል የሰው ሥዕሎችን እናወጣለን ብለው አስታወቁ።

በፍርድ አደባባይ ወረቀት ስንጽፍ የኖርን እኛ ይህን ነገር ስንሰማ ትዝ የሚለን ሌባ ሻይ ነው። በዕድሜ የገፉት አንባቢዎቻችን ከአባቶቻቸው ሰምተውታል። ዕቃ የጠፋበት ሰው ሲያመለክት፥ ሌባ ሻዩ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ አምጥቶ መድኃኒት በወተት ያጠጣዋል፥ ያጨሰዋልም፤ ናላው በዞረ ጊዜ በገመድ ይዞ ይለቀዋል። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፥ የጠፋውንም ይከፍላል። ልጁን ለምን ከዚህ ወደቅህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ቢጠየቅም አያውቅም። መድኃኒቱን የበጠበጠውም እኔ አልተናገርሁም፥ ልጁ ነው ይላል። ያ ልማድ በዘመናዊ ፍርድ ቀርቷል፤ ምስክር በስሙ ተጠርቶ፥ ምሎ፥ በመስቀለኛ ጥያቄ ተመርምሮ እንዲናገር ሆኗል።

አዲሱ መሣሪያ ግን የዚያ ልጅ ወንድም እንዳይሆን ያሠጋል። በ2020 በጥር ወር በአሜሪካ በዲትሮይት ከተማ አካባቢ አንድ የቤተ ሰብ አባት ከሥራ ሲመለስ፥ በሚስቱና በሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆቹ ፊት፥ በገዛ ደጃፉ ላይ በካቴና ታሰረ። ምክንያቱ ፊት የሚለየው መሣሪያ፥ ከሱቅ ሰዓት የሰረቀው ሌባ ይህ ነው ብሎ ሥዕሉን ስለ መረጠ ነው። የሌባውን ሥዕል ባሳዩት ጊዜ ከፊቱ አጠገብ ይዞ እኔ እንዳልሆንሁ አታዩምን አላቸው። ቢሆንም 30 ሰዓት ያህል ታስሮ ቈየ። ሰውየው ጥቁር ነበረ። ከተማው በ2024 ካሣ ከፈለው፤ ፖሊሶቹም በመሣሪያው ቃል ብቻ ሰው እንዳይዙ የሚከለክል ውል ተዋዋለ። ልጆቹ በዚያን ቀን ያዩትን ግን የሚክስ ውል አልተጻፈም።

ከአደባባይ ወደ ጓዳ እንመለስ። ላውረን ሊ ማካርቲ የተባሉ አሜሪካዊት ጥበበኛ በ2017 የጀመሩት ሥራ ለእመቤቶች ሳይነገር የሚታለፍ አይደለም። በፈረንጅ አገር ብዙ ሰው መብራት የሚያበራለት፥ ዘፈን የሚያሰማው፥ የጠየቀውን የሚመልስለት መሣሪያ በቤቱ ያኖራል። ጥበበኛዋም የመሣሪያውን ስፍራ እኔ ራሴ ልውሰድ አሉ። በፈቃደኞች ቤት ካሜራ፥ ድምፅ መቀበያ፥ የመብራትና የበር መቈለፊያ መሣሪያ አስገብተው፥ ከሩቅ ሆነው እስከ አንድ ሳምንት ድረስ ቀንና ሌሊት እያዩ አገለገሉ። በ2019 ደግሞ በኒው ዮርክ በአንድ አዳራሽ አራት ኮምፒውተሮች አስቀምጠው፥ የመጣው ተመልካች ሁሉ ተቀምጦ በአራት የሩቅ ቤቶች ያሉትን ሰዎች እያየ እንዲያገለግል አደረጉ። ተመልካቾቹ በሰው ጓዳ ዓይናቸውን ሲያስገቡ ምን ያህል እንዳፈሩ ወይም እንዳላፈሩ እያንዳንዳቸው ያውቁታል።

በትልልቅ ቤቶቻችንም ሁሉን የሚያይና የሚሰማ አገልጋይ ሳይኖር ቀርቶ አያውቅም። እልፍኝ አስከልካዩ ማን እንደ ገባና እንደ ወጣ ያውቃል፤ ገረዲቱ ባልና ሚስት ሲጣሉ ትሰማለች። ነገር ግን አገልጋይ ሲቀጠር ዋስ ይጠራል። ዋሱ የታወቀ ሰው ነው፤ ዕቃ ቢጠፋ፥ ምሥጢር ቢወጣ፥ ወደ እርሱ ይሄዳሉ። ግድግዳው ላይ ተቀምጦ ለሚያዳምጠው መሣሪያ ዋሱ ማን ነው? ይህን ጥያቄ ለቤተ ሰቡ ሁሉ እንተወዋለን፤ ዕቃውን ገዝተው የሚያመጡት ብዙ ጊዜ ወጣቶች ስለ ሆኑ፥ ወላጆች ከመግዛቱ በፊት ቢጠይቁ ይሻላል።

አገራችንም ከዚህ ጥበብ ራቅ ብላ አልተቀመጠችም። ሶፊያ የተባለችው ሰው መሰል ሮቦት በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ አዲስ አበባ መጥታ ስትታይ፥ ሕዝብ እንደ እንግዳ ተቀብሏታል፤ ለአእምሮዋ ከተደረገው ሥራ ከፊሉን የሠሩት በአዲስ አበባ የአይኮግ ላብስ ወጣቶች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወርም የሳይንስ ሙዚየም በዚሁ ከተማ ተመርቆ፥ ጎብኚው እየነካ የሚያያቸው ትርዒቶች ቀርበውበታል። ልጆች ሲደሰቱ ማየት መልካም ነው። ነገር ግን ሶፊያን ሁሉ ሰው የጠየቃት ምን ታውቂያለሽ እያለ ነው፤ ማን አስተማረሽ ያላት ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ካማሺ እንምጣ። ካማሺ በዓባይ ከመተከል የተለየ፥ ከወለጋ ጋራ የሚዋሰን፥ ጉሙዞች በብዛት የሚኖሩበት አገር ነው። ሴቶቻቸው እንጨትና ውሃ ሲሸከሙ በጀርባ አያዝሉም፤ ዘንግ በትከሻቸው ላይ አጋድመው ሸክሙን ከፊትና ከኋላ በሚዛን ያንጠለጥሉታል። በቀድሞው ልማድ ፊትንና አካልን በጠባሳ ማስጌጥ በእነርሱ ዘንድ ውበት ነው። በሌላ አገር ሥዕል የተማረ መሣሪያ ይህን የውበት ጠባሳ ቍስል ነው ይበል ወይስ የወንበዴ ምልክት ነው ይበል፥ በፊቱ ሳይቆሙ ማወቅ አይቻልም። የሚላኖው መስተዋት በካማሺ ገበያ ቢቆም ምን ስም ያወጣ ነበር? ሰውን በመልኩና በአነጋገሩ ለይቶ መፍረድ ምን እንደሚያመጣ የካማሺ ሰዎች ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በተነሣው ግጭት ብዙ ቤተ ሰብ ከቀየው ተፈናቅሎ፥ ከቤቱ ጋራ ወረቀቱም ሁሉ የጠፋበት አለ።

የቋንቋም ነገር አለ። የጎግል አስተርጓሚ መሣሪያ አማርኛን በ2016፥ ኦሮምኛንና ትግርኛን በ2022 በፈረንጆች ዘመን ተቀበለ። ጉሙዝኛ ከነዚህ ከሦስቱ ጋራ አልተጠራም። የመሣሪያው ምግብ የተጻፈ ቃል ነውና፥ በምሽት በእሳት ዙሪያ የሚነገረው ተረት ሁሉ ለእርሱ እንዳልተነገረ ነው። የካማሺ ልጅ መሣሪያውን ሊጠይቅ ሲፈልግ፥ የእናቱን ቋንቋ ከደጅ ትቶ መግባት ይኖርበታል።

ከካማሺ በስተ ምዕራብ በአሶሳ በኩል ያሉት በርታዎች ዋዛ የሚባል ከቅል የተሠራ መለከት አላቸው። ከዐሥር የሚበልጡ ሰዎች ታናሽና ታላቅ መለከት ይዘው ይሰለፋሉ፤ እያንዳንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል። ዜማው የሚሞላው ሁሉም በየተራው ሲነፋ ነው። ሥራው የብዙ ሰው ነው፤ ቢሆንም አንዱ ያጎደለ እንደ ሆነ ማን እንዳጎደለ ሰልፉ ሁሉ ያውቃል፥ በስሙም ይጠራዋል። ብዙ ሆነን ስለ ሠራነው ማን እንደሚጠየቅ አይታወቅም የሚሉ መሐንዲሶች አሶሳ ሄደው ዋዛ ቢያዩ ደስ ይለናል።

ይህ ሁሉ የሩቅ ነገር እንዳይመስል አንድ የቅርብ ጉዳይ እንጨምር። በ2015 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 1284 መሠረት ፋይዳ የሚባለው የዲጂታል መታወቂያ እየተሰጠ ነው፤ ለዚህም የጣት አሻራ፥ የዓይን ብሌንና ፊት በመሣሪያ ይወሰዳል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅ ቍጥር 1321 ወጥቷል። መታወቂያው ወረቀቱ ለጠፋበት ሰው ታላቅ ጥቅም አለው። ነገር ግን ዕድሜዋን ሁሉ በዶማ ስትቈፍር የኖረች አሮጊት የጣቷ አሻራ ሳስቶ መሣሪያው አላየኋትም ቢል፥ ወይም ፊቷን ካለፈው ሥዕሏ ጋራ አላመሳስልም ቢል፥ መዝጋቢው ተመለሺ ብሎ እንዳይሰዳት አደራ እንላለን። ስሟን ከአፏ ይስማ፤ የመንደሯን ሽማግሌዎች ጠርቶ ይጠይቅ፤ የሆነውንም በጽሑፍ አስፍሮ ከሥሩ የገዛ ስሙን ይፈርም።